ለቤተ ሰብ የሚበጀው የኢንተርኔት መሥመር የትኛው ነው?

ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ለቤት አስተዳዳሪዎች የተሰጠ ማብራሪያ

የቤት አያያዝ መልካምነት የሚታወቀው በገንዘብ ብዛት ሳይሆን ወጭውን በልክና በማስተዋል በማድረግ ነው። እህሉን በመከር ወራት በኵንታል ገዝቶ ጎተራ የሚያገባ ቤትና ክረምት ከገባ በኋላ ከጕልት በጣሳ የሚሸምት ቤት፥ ሁለቱም አንድ ዓይነት እንጀራ ቢበሉም፥ ዓመቱ ሲያልቅ ኪሳቸው አንድ አይሆንም። ይህ ነገር በእህልና በማገዶ ለሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዘመናችን በየቤቱ ገብቶ ከወር ደመወዝ ላይ ድርሻውን የሚወስድ አንድ ሌላ ወጭ አለ፤ እርሱም የኢንተርኔት ዋጋ ነው። ይህን ወጭ ብዙ ሰዎች ጥቂት በጥቂት፥ አሥርና ሃያ ብር እያሉ ስለሚከፍሉት፥ በወሩ መጨረሻ ስንት እንደ ወጣ የሚቈጥረው የለም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ የኢንተርኔት መሥመር ዓይነቱ ስንት እንደ ሆነ፥ ፍጥነቱ በምን እንደሚለካና ዋጋው እንዴት እንደሚመዘን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለመግለጥ ወደድን።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ፥ በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መልእክት ባንድ አፍታ የሚደርስ ሆነ። ከዚያም መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገባ። ያን ጊዜ መሥመሩ የሚገኘው በተራ የስልክ ሽቦ እየተደወለ ስለ ነበረ፥ አንዱ የቤት ሰው ደብዳቤውን ሲያነብ ሌላው ስልክ ለመደወል ተራውን ይጠብቅ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ መጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ፎር ጂ የሚባለው አራተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የፋይቭ ጂ ሙከራ ተከተለ። እስከዚያ ድረስ ባንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ይካሄድ በነበረው በዚህ ሥራ ላይ፥ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። እንግዲህ ቀድሞ ምርጫ ያልነበረው ሰው ዛሬ ምርጫ አግኝቷል፤ ምርጫ ያገኘ ሰው ግን ማወዳደር ካላወቀ ምርጫው አይጠቅመውም።

ስለ ፍጥነት

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በመሥመሩ በሚያልፈው የቢት ብዛት ነው። አንድ ሚሊዮን ቢት አንድ ሜጋቢት ይባላል። የፊልሙ፥ የመጽሐፉና የፎቶግራፉ ክብደት ግን የሚነገረው በባይት ነው፤ አንዱም ባይት 8 ቢት አለው። ስለዚህ 8 ሜጋቢት ተብሎ የተሸጠለት ሰው በየሰኮንዱ የሚያገኘው 8 ሜጋባይት ሳይሆን 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ተታለልሁ ብሎ ከሻጩ ጋር ይጣላል፤ ሻጩም በቃሉ አልዋሸምና ጠቡ መፍትሔ አያገኝም።

ነገሩን በምሳሌ ብናስረዳ፥ አንድ ተማሪ 300 ሜጋባይት የሚመዝን የትምህርት ፊልም ለማውረድ ፈለገ እንበል። በቀድሞው ተደዋይ መሥመር፥ ፍጥነቱ በመልካም ቀን 56 ኪሎቢት ስለ ነበረ፥ ሥራው 12 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። በ4 ሜጋቢት መሥመር 10 ደቂቃ፥ በ20 ሜጋቢት 2 ደቂቃ፥ በ100 ሜጋቢት ደግሞ 24 ሰኮንድ ይበቃዋል። ከዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምንለምነው ነገር አለ። ከ12 ሰዓት ወደ 10 ደቂቃ መውረድ የቤቱን ኑሮ ይለውጣል፤ ከ2 ደቂቃ ወደ 24 ሰኮንድ መውረድ ግን አንድ ስኒ ቡና እስኪቀዳ ያለውን ጊዜ እንኳ አያተርፍም። ዋጋው ግን በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛው የሚመጣውና የሚሄደው ነው። ፊልም ስናይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል፤ በባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር ፊት ለፊት እየተያየን ስንነጋገር ግን የእኛም መልክና ድምፅ ወደዚያ መሄድ አለበት። የሚመጣው ፈጣን ሆኖ የሚሄደው ቀርፋፋ በሆነ መሥመር፥ እናት የልጇን ፊት ጥርት አድርጋ እያየች፥ ልጇ ግን እናቱን ማየት ተስኖት «አይሰማኝም» ሲል ይቈያል። ሁለተኛው ደግሞ መዘግየት የሚባለው ነው። ይኸውም ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው። ሰፊ መንገድ ሁሉ አጭር መንገድ እንዳልሆነ ሁሉ፥ ብዙ ሜጋቢት ያለው መሥመር ሁሉ መልሱ ቶሎ አይደርስም።

ስለ መሥመሮቹ ዓይነት

የመጀመሪያው የመዳብ ሽቦ ነው። ኤ ዲ ኤስ ኤል ይባላል። በቤቱ በነበረው የስልክ ሽቦ ላይ ስለሚሠራ፥ ሽቦው ቀድሞ በገባበት ቤት ለማስገባት ቀላል ነው። ጕድለቱ ከርቀት ጋር መድከሙ ነው። ከስልክ ማዞሪያው ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም ያልራቀ ቤት በአዲሱ ዓይነት እስከ 20 ሜጋቢት ሊያገኝ ሲችል፥ 5 ኪሎ ሜትር የራቀው ግን 1 ወይም 2 ሜጋቢት ቢያገኝ ነው። የሚሄደውም ከሚመጣው እጅግ ያነሰ ሲሆን በብዙው ወደ 1 ሜጋቢት ነው። የሽቦው መጋጠሚያ ውሃ በገባው ጊዜ ደግሞ መሥመሩ ይንተባተባል፤ ይህንም ክረምት በመጣ ቍጥር ብዙ ቤቶች ያውቁታል።

ሁለተኛው ፋይበር ነው። ይህ ከጠጕር ብዙም የማይወፍር የጠራ የብርጭቆ ክር ሆኖ፥ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ነው። ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ሊሆን እንደሚችል በ1966 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጽሑፍ ያስረዳው ቻርልስ ካኦ የተባለው ሊቅ ነው፤ ለዚህም ሥራው በ2009 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በብዙ አገር ለመኖሪያ ቤት በሚዘረጋው ዓይነት፥ ከማዞሪያው የሚነሣው አንድ ክር 2,488 ሜጋቢት ይዞ ይመጣና ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 64ቱም ቤቶች ባንድ ሰኮንድ እስከ መጨረሻው ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 38 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ሁሉም ባንድነት የሚጠቀሙበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅም እንደ መዳቡ አይደክምም። ይሁን እንጂ ክሩ በሰፈሩ ካልደረሰ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ አያገኘውም፤ መንገድ ሲቈፈርም ባንድ ዶማ ይበጠሳል።

ሦስተኛው የሞባይል መሥመር ነው። ሽቦ አይፈልግም፤ ስልክ ወይም ከሲም ካርድ ጋር የሚሠራ ራውተር ብቻ ይበቃዋል። በገጠርና ገና ባልተሠራ ሰፈር ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ይህ ነው። ነገር ግን አንድ ማማ ያለውን ኀይል በአካባቢው ላለው ሰው ሁሉ ያካፍላል። ጧት ለብቻህ የነበረው ምንጭ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እንስራውን ይዞ ሲመጣ ተራ እንደሚጠበቅበት ያለ ነው። ስለ ፋይቭ ጂ የሚነገረው 20,000 ሜጋቢት መሐንዲሶች በመለኪያ የወሰኑት የላይኛው ጫፍ እንጂ በሳሎናችን ተቀምጠን የምናገኘው አይደለም። ይልቁንም እጅግ ፈጣን የሆነው ሞገድ ወፍራም ግድግዳ መብሳት ስለማይችል፥ በደጅ ፈጣን የነበረው በጓዳ ሊጠፋ ይችላል።

አራተኛው የሳተላይት መሥመር ነው። በዚህም ሁለት ዓይነት አለ። ቀድሞ የነበረው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለሚቈም፥ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ መልሱም እንዲሁ ሲመለስ መንገዱ ከ143,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ብርሃን እንኳ ለዚህ መንገድ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ መሥመር የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ሳይፈልጉ አንዱ ባንዱ ቃል ላይ ይገባሉ። አዲሱ ዓይነት፥ ስታርሊንክ እንደሚባለው ያለው፥ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ መዘግየቱ እጅግ ያነሰ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። ይህ መሥመር ማማም ሽቦም ለማይደርስበት ለራቀ እርሻና ለበረሃ ጣቢያ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የዲሹ ዋጋ አስቀድሞ ባንድ ጊዜ ይከፈላል፥ ዲሹም ሰማዩን ያለ ከልካይ ማየት አለበት፥ ኀይለኛ ዝናብም ያደክመዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፥ ወደ ዓለም የሚወጣው ታላቁ መሥመራችን በጎረቤት አገሮች፥ ይልቁንም በጅቡቲ በኩል አልፎ ከባሕር በታች ከተዘረጉት ገመዶች ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች በተጐዱ ጊዜ በእስያ፥ በአፍሪካና በኤውሮፓ መካከል የነበረው መልእክት በሌላ መንገድ እየዞረ መሄድ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነገር የዘገየ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ ሁልጊዜ በቤታችን ግድግዳ ላይ ካለው ሽቦ አይደለም።

ስለ ዋጋ

በአገራችን የኢንተርኔት ዋጋ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የዋጋው ሠንጠረዥ በየጊዜው ታድሷል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው የብር ቍጥር ነገ ሊያረጅ ይችላልና፥ ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመው የሒሳቡን መንገድ ማወቅ ነው ብለን እናምናለን። በሚከተለው ምሳሌ የተጻፉት ቍጥሮች ለስሌት ብቻ የተመረጡ ናቸውና፥ እያንዳንዱ ቤት በእነርሱ ፈንታ በእለቱ የሚሠራበትን ዋጋ ያግባባቸው።

ባልና ሚስት ከሁለት ተማሪ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ እንበል። አራቱም በየስልካቸው የቀን ጥቅል በ20 ብር ይገዛሉ። ሃያ ብር ለማንም አያስደነግጥም። ነገር ግን 20 ብር በ4 ሰው 80 ነው፤ ይህም በ30 ቀን 2,400 ብር ይሆናል። በዚያው ሰፈር የቤት መሥመር በወር 1,200 ብር ቢሆን፥ ራውተሩን ለመግዛትና ለማስገባትም አስቀድሞ 3,600 ብር ቢጠየቅ፥ የቤቱ አባት «እንዲህ ያለ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ይተወዋል። ሆኖም በየወሩ የሚተርፈው 1,200 ብር የራውተሩን ዋጋ በ3 ወር ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት 14,400 ብር በቤቱ ይቀራል። ይህ ገንዘብ ደብተር ነው፥ ጫማ ነው፥ ለበዓልም በግ ነው። ጤፍን በጣሳ መሸመት የሚያስከትለው ጕዳት በኢንተርኔትም እንዲሁ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ስንል ግን የቤት መሥመር ለሁሉ ይረክሳል ማለታችን አይደለም። ብቻውን የሚኖር፥ ቀኑን በመሥሪያ ቤቱ የሚውል፥ ማታም ጋዜጣ ከማንበብና ከዘመድ ጋር መልእክት ከመለዋወጥ በቀር ሌላ የማያደርግ ሰው፥ የወር የሞባይል ጥቅል ይበቃዋል፤ ለእርሱ የቤት መሥመር ማስገባት ለአንድ ሰው በአሥር ሰው ድስት እንደ መቀቀል ነው።

የወጭውንም ልክ ለማወቅ አንድ መመዘኛ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ግብ፥ የመጀመሪያው ደረጃ ኢንተርኔት ዋጋ ከአንድ ሰው አማካይ የወር ገቢ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። መመዘኛው የተሠራው ለአገሮች ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ወደ ቤቱ አምጥቶ ቢመለከተው ማስተዋልን ይሰጠዋል። ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ ሰው 2 በመቶው 240 ብር ነው። ከዚህ እጅግ የራቀ ወጭ ያለበት ቤት፥ ወጭውን ከሚያገኘው ጥቅም ጋር ቁጭ ብሎ ቢመረምር መልካም ይሆናል።

ስለ አመራረጥ

1ኛ፤ ከመግዛት በፊት በቤቱ ማታ ማታ ባንድ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ መቍጠር ያስፈልጋል። ጥራት ላለው ፊልም 5 ሜጋቢት፥ ፊት ለፊት ለመነጋገር ከ1 እስከ 4 ሜጋቢት ይበቃል። አንዱ ፊልም ሲያይ፥ ሁለተኛው ትምህርት ሲከታተል፥ ሦስተኛዋ ከባሕር ማዶ ካለች እኅቷ ጋር ስትነጋገር ድምሩ ከ13 ሜጋቢት አይዘልም። እንዲህ ላለ ቤት በእውነት የሚደርስ 20 ሜጋቢት በቂ ሆኖ ሳለ ለ100 መክፈል ለዝና ካልሆነ ለጥቅም አይደለም።

2ኛ፤ ከሻጩ ቃል ይልቅ የጎረቤትን ምስክርነት መጠየቅ ይሻላል፤ ይኸውም ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥመሩ እንዴት እንደሚሆን ነው። ጧት የሚፈጥን መሥመር ሁሉ ማታ አይፈጥንም።

3ኛ፤ «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ከነውሉ ማንበብ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀነሳል የሚል ዐንቀጽ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

4ኛ፤ ራውተሩን በሣጥን ውስጥ ወይም ከማዕዘን ግድግዳ ጀርባ መደበቅ አይገባም። በቤቱ መካከል ከፍ ባለ ስፍራ ቢቀመጥ ያለ አንዳች ወጭ ፍጥነት ይጨምራል። የምሥጢር ቃሉም ጠንካራ ይሁን፤ ደካማ ከሆነ ግን የማናውቀው ሰው የእኛን ጊጋባይት ይበላዋል።

5ኛ፤ መብራት ሲጠፋ የፋይበሩም ራውተር ይጠፋል። ስለዚህ የቤት መሥመር ያለው ሰው እንኳ ለክፉ ቀን የሚሆን ትንሽ የሞባይል ጥቅል ቢይዝ ጥንቃቄ ነው።

ስለ አከፋፈል

መሥመሩ ከገባ በኋላ የሚቀረው ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚከፋፈለው በፍርድ ሳይሆን በጕልበት ነው። ታላቁ ወንድ ልጅ ለጨዋታ ጊጋባይቱን ሲፈጀው፥ እኅቱ ለፈተና የምታጠናው ትምህርት በመካከል ይቋረጥባታል፤ አሳብዋንም ብትናገር «ነገ ታነቢዋለሽ» ይሏታል። ፈተናው ግን ነገን አይጠብቅም። እመቤቲቱ የጎተራውን ቍልፍ እንደምትይዝ ሁሉ፥ ይህንም በሥርዓት ይዛ ከማታው ሰዓት ውስጥ ለትምህርት የሚሆነውን አስቀድማ ብትለይ፥ ከሃያ ሜጋቢት ጭማሪ ይልቅ ለቤቱ ይረባዋል።

የቤት ሠራተኛይቱም ልትረሳ አይገባም። ወላጆቿን በሩቅ አገር ቤት ትታ የመጣች ልጅ፥ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የእናቷን ድምፅ ብትሰማ ከቤቱ መሥመር የሚቀነስ ነገር የለም፤ የወር ዋጋው ተከፍሏልና። ለእርሷ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ከደመወዟ የምታወጣው ብዙ ገንዘብ ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠራው የራሳችን ልጅ አሠሪዋ እንዲህ እንዲያደርግላት የምንመኝ ከሆነ፥ እኛም በቤታችን ያለችውን በዚያው መስፈሪያ ልንሰፍርላት ይገባናል።

እንግዲህ የተሻለው መሥመር የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ፥ ፋይበር በሰፈሩ የደረሰና ቤተ ሰቡ የበዛ ቤት ፋይበሩን፥ ማዞሪያው የቀረበውና ወጭው የተወሰነ ቤት መዳቡን፥ ብቸኛና ተንቀሳቃሽ ሰው ሞባይሉን፥ ሁሉም የራቀው ደግሞ ሕግ በፈቀደበት አገር ሳተላይቱን ቢይዝ ይሻላል ብለን እንመልሳለን። ዛሬ ማታ ግን እያንዳንዱ የቤት አስተዳዳሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፥ ባለፈው ወር በየስልኩ የተከፈለውን ጥቅል ሁሉ ከቤተ ሰቡ ጠይቆ ቢደምር፥ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ትምህርት ከድምሩ ያገኛል።